በአምስትና በስድስት መሃል ያለው ግድግዳ

ቤቶቹን የምትመረምረው መሣሪያ፣ ቆጣሪዋ፣ መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ከቤት አንድ ጀመረች። መጠኗ የእንቁራሪት ያህል ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ እንደገና ትሄዳለች። የምትመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቤት አምስት እስክትደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ዳምጤ ቁም ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ወደ ግድግዳው አስጠጋው።

«ተወው በቃ» አለችው ሚስቱ ሰናይት። «እሷ እንደሆነ በዓይን አታይም። የምትሠራው በጆሮዋ ነው።»

«እሱማ ነው የጨነቀኝ።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ዳምጤ፣ ሳጥኑን በገፋኸው ቁጥር ወጤ ላይ አፈር ይዘንባል። አንድ ጊዜ ግፋውና ይለይለት።»

ይህች እትዬ ወለላ ናት፣ የቤት ስድስት ነዋሪ። በሁለቱ ቤቶች መሃል ባለው ግድግዳ ውስጥ፣ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረ። የቆፈረው ዳምጤ ነው።

ረድፉ ሰባት ቤት ነው። አንድ ጣሪያ፣ አንድ የድንጋይ ፊት፣ ሰባት በር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ የሱፍ ነጋዴ ለሸማኔዎቹ እንዳሠራው ቤት አንድ ጥግ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይናገራል። ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩት ለሽመናው ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ነው። ጣሪያው ስስ የድንጋይ ጠፍጣፋ የለበሰ ነው፤ ከታች ትልልቁ፣ ወደ ላይ እያነሰ። የየራሱ ግድግዳ ያለው ቤት ግን የለም። የአንዱ ግራ የሌላው ቀኝ ነው። ቤት ሦስት ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ከቤት አራት «ይማርህ» ይባላል።

ኦስልበሪ የሚባለው ይህ የእንግሊዝ መንደር የራሱ ሰው ካለቀበት ሠላሳ ዓመት አልፏል። ያረጁት ሞቱ፣ ወጣቶቹ ከተማ ገቡ። ቤቶቹ ግን በሕግ የተጠበቁ ስለነበሩ መውደቅ አልተፈቀደላቸውም። ሰው የማይኖርበት ቤት ይሻግታል፤ እሳት ካልነደደበት ግድግዳው ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ጥበቃውን የያዘው ጽሕፈት ቤት ነዋሪ አስመጣ። ብርድ የሚችል ሰው ተፈልጎ የኦስልበሪ ሰባት ቤተሰቦች ከአገር ቤት፣ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ አካባቢ ተመለመሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ «መኖር» ይላሉ።

መኖሩም ሥርዓት አለው። መጋረጃ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ሲመጣ አባወራው በሩ ላይ ቆሞ በፒፓ የሌለ ትምባሆ ያጨሳል። ሰናይት ንጹሑን ምንጣፍ በላይኛው መስኮት ሁለት ጊዜ ታራግፋለች። ሁለት ጊዜ ብቻ፤ አንድ ክረምት ሦስት ጊዜ አራግፋ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ደጃፍ ላይ ከሁለት ሰው በላይ አይቆምም። በቤቱ ከተመዘገበ ሰው በስተቀር ማንም አያድርም። በሮቹ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ዓመቱን ሙሉ ይጽፋሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚያነበው ግን ቆጣሪዋ በመጣች ጊዜ ነው።

በየካቲት የእትዬ ወለላ ባል ጋሽ እንግዳወርቅ በገዛ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ሞቱ። ድንኳን መትከል አልተቻለም። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ገብቶ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ። ሐዘንተኛዋ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻዋን አደረች። ልጅ አልወለደችም፣ ዘመድ የላትም። በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣

«ሐዘንተኛ ብቻዋን ታድራለች እንዴ? ይሄ ግድግዳ እኮ የኛም ነው» አለችው።

ዳምጤ የምርጊት ሠራተኛ ልጅ ነው። አባቱ በመሐል ሜዳ ጭቃና ጭድ ሲያቦካ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። የዚህኛውን ግድግዳ ጠባይ ደግሞ ረድፉን ሲጠግን በአራት ዓመት ውስጥ አውቆታል፦ በሁለት ወገን የተጠረበ ድንጋይ፣ መሃሉ ጠጠርና ፍርስራሽ፣ ማያያዣው የፈረስ ጸጉር የገባበት ኖራ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ በጠመኔ ቁጥር ጻፈባቸው። የወጣውን ኖራ እንኳ አልጣለም፤ በከረጢት አስቀመጠው። እስከ ከሰዓት በኋላ ቀዳዳው ተጠናቀቀ፤ የዚያን ዕለት ማታ ዳምጤ፣ ሰናይትና ልጃቸው ሜላት ከእትዬ ወለላ ጋር ምድር ላይ አንጥፈው ተኙ።

ሠልስቱ ሲወጣ ሊደፍነው ነበር። ግን እትዬ ወለላ ዓመቱ ሳይወጣ ደጅ አልረግጥም ብላ ማለች፤ ባሏ የወደቀበትን ድንጋይ ተራምዳ ማለፍ አልሆነላትም። ገበያውንም እንጨቱንም ሰናይት ታቀብላታለች። የስድስት ዓመቷ ሜላት ደግሞ በቀዳዳው እየተመላለሰች ሁለቱን ቤት አንድ ቤት አደረገችው። ሊያጽናና የሚመጣውም ሰው ቀን ቀን በአምስት በር ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ስድስት ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ሞላ።

ቆጣሪዋ ቤት አምስት ገባች። ግድግዳውን ይዛ ሄደች፣ ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሦስት ጊዜ አንኳኳች። እንደገና ሦስት ጊዜ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጣሪያው ወጣች።

ውጤቱን በማግስቱ ይዞ የመጣው የረድፉ ተጠሪ፣ የቤት አንዱ ገዛኸኝ ነው። በዕድሜ ሃምሳን ያለፈ፣ መጥፎ ወሬ ሲያመጣ የሚቀልድ ሰው ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሰፊ ቤት ደረሳችሁ። አምስትና ስድስት አንድ ሆኗል።»

ከጽሕፈት ቤቱ መልእክት የሚመጣበትን ሰሌዳ አሳያቸው። ጽሑፉ አጭር ነበር። ቤት ማለት ባልተቋረጠ ግድግዳ የተከበበ ነው። በአምስትና በስድስት መሃል ያለው ግድግዳ የተቋረጠ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። በአንድ ቤት አንድ ቤተሰብ ይኖራል። ቀዳሚ ነዋሪ ወለላ ይማሙ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ትርፍ፦ ዳምጤ፣ ሰናይት፣ ሜላት።

ሰናይት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትርፍ የሆነ ሰው ማረፊያ ወደሚባል ቦታ ይወሰዳል። ማረፊያው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አምና ከቤት ሁለት አንድ ሰው ተወስዷል፤ የቤቱ አባወራ ወንድም ነው፣ ለሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ሦስት ወር የከረመ።

«መፍትሔ የለውም?» አለ ዳምጤ።

«አለው እንጂ። ግድግዳው በአሥር ቀን ውስጥ እንደነበረ ከተመለሰና ቆጣሪዋ ተመልሳ መጥታ ከተቀበለችው ይሰረዛል። እንደነበረ ነው ያሉት ታዲያ። እንደ አዲስ አላሉም።»

እትዬ ወለላ በቀዳዳው በኩል አንገቷን አወጣች። «ምን ትፈዛላችሁ? ይደፈና። ሰባት ወር ተደጋግፈን አለቀስን፣ ይበቃል። ለድምፁ እንደሆነ ግድግዳው መች ከለከለን።»

ዳምጤ በማግስቱ ጀመረ። ችግሩ ድንጋዩ አልነበረም፤ ድንጋዩ ቁጥር አለው። ችግሩ ኖራው ነው። ኖራ በዚህ እርጥበት ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል፤ ቆጣሪዋ ደግሞ እርጥቡን ከደረቁ ለይታ ትሰማለች። ከረጢት ውስጥ ያስቀመጠውን አሮጌ ኖራ አውጥቶ ወቀጠው፣ ነፋው፣ የፈረስ ጸጉሩን ለቅሞ ለየ። አዲስ ኖራ የጨመረበት ለማያያዝ ያህል ብቻ ነው። ቱምቢ ጥሎ እያንዳንዱን ድንጋይ በነበረበት ፊቱ፣ በነበረበት ማዘንበያ መለሰው። አባቱ ቢያየው ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ የአባቱ ምስጋና ዝምታ ነው።

የመጨረሻውን ድንጋይ ከማስገባቱ በፊት ሜላት እጇን በቀዳዳው ሰደደች፤ ከወዲያ እትዬ ወለላ ያዘቻት።

«ነገ በደጅ ነው የምመጣው እንግዲህ» አለች ልጅቷ።

«በደጅ ነይ። እንደ ትልቅ ሰው አንኳኩተሽ።»

ስምንት ቀን ሙሉ በሁለቱም ወገን እሳት ሲነድ ሰነበተ። ሜላት አንድ ሁለቴ ወደ ስድስት በር ሄዳ ነበር፤ ሰናይት ግን ቆጣሪዋ ግድግዳውን እስክትመረምረው ድረስ ከዚያ ቤት በር አካባቢ ማንም አይድረስ ብላ መለሰቻት። ጥንቃቄ መስሏት ነው። እትዬ ወለላም መሐላዋ ስላለ አልወጣችም፤ እንጨትና ጥሬ ቀድሞ ገብቶላታል። በግድግዳው እያወሩ ቆዩ።

መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ቆጣሪዋ ተመልሳ መጣች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። አንኳኳች፣ አዳመጠች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ በጣም ቆየች። ከዚያ ገዛኸኝ እጅ ላይ ያለው ሰሌዳ በራ።

«የመጀመሪያው ግድግዳ። ያልተነካ» ብሎ አነበበ ገዛኸኝ። ቀና ብሎ ዳምጤን አየው። «ያልተነካ ይልሃል እኮ። ምን ዓይነት እጅ ነው አንተ ሰው?»

ዳምጤ ሳቀ። በኦስልበሪ ድምፅ አውጥቶ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰናይት ሜላትን አቅፋ ሳመቻት። ገዛኸኝ ገና እጁን ሳያነሣ ሰሌዳው እንደገና በራ፤ እሱም ማንበብ ጀመረ፤ መሃል ላይ ድምፁ ወረደ።

«ግድግዳው ያልተነካ በመሆኑ የመስከረም አሥራ ሁለቱ ንባብ ስሕተት ሆኖ ተሰርዟል። ቤት አምስትና ቤት ስድስት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። በቤት ስድስት በር ከየካቲት አሥራ ሁለት ጀምሮ ሰው አልገባም፣ አልወጣም። ቤት ስድስት ባዶ ነው። ለአዲስ ነዋሪ ይዘጋጃል።»

«እንዴት ባዶ ነው?» አለች ሰናይት። «ሴትዮዋ እዚያ ውስጥ ናት።»

ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ። የተረጋጋ ድምፅ ነበር።

«ዳምጤ፣ መብራቱ ጠፋ። ውሃውም ቆመ። በሩን ብሞክር አይከፈትም።»

ገዛኸኝ ሰሌዳውን ነካካ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለ፤ ሰው አነጋገረ፣ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

«ውስጥ ሰው አለ አልኳቸው። ባዶ ቤት ውስጥ ሰው የለም አሉኝ። የጽዳት ሰው ልታስገባ ነው ወይ አሉኝ።»

«ምን አልክ?» አለ ዳምጤ።

«አዎ አልኩ። ምን ልበል?»

በሩ ለጽዳት ተከፈተ። እትዬ ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ባሏ የወደቀበት ድንጋይ ላይ ስትደርስ አፍታ ቆመች፤ ከዚያ ረገጠችው። መሐላዋ ያን ጊዜ ፈረሰ። ወደ ኋላዋ ስትዞር በሩ ተዘግቷል። እጇን አስደግፋ ሞከረችው፣ አላወቃትም። ሰናይት ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አምስት አስገባቻት።

የአምስት በር ያንን ጻፈ። አምስትና ስድስት በልዩ ክትትል ላይ ስለነበሩ ጽሕፈት ቤቱ ወዲያው አነበበው፤ ውሳኔው በሰሌዳው ሲመጣ ሰዓት አልፈጀም። ቤት አምስት፦ የተፈቀደ ሦስት፣ ያለ አራት። የቤቱ አባወራ ትርፉን ሰው በሦስት ቀን ውስጥ በራሱ ድምፅ ይሰይም። ካልሰየመ ቤቱ በሙሉ ትርፍ ይሆናል።

ሁለት ቀን ስለዚህ ነገር አልተወራም። መጋረጃ በሰዓቱ ተከፈተ። እትዬ ወለላ ለሜላት ጸጉሯን ጎነጎነችላት። ጥሬ ቆላች። ሲቀመጡ ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ትሰጣለች። ዳምጤ ግድግዳውን ሳያስበው ያየዋል፤ የቱ ድንጋይ ወጥቶ የገባ እንደሆነ እሱ ራሱ መለየት አቃተው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰናይትን ጓዳ ጠራት።

«ግድግዳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ ልላቸው ነው» አላት። «ከፍቼ መለስኩት እላለሁ። ከፈለጉ አንድ ድንጋይ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ይመለስላታል፤ ትርፉ እኛ እንሆናለን።»

ሰናይት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በል። አልከለክልህም። እኔ ነኝ ክፈተው ያልኩህ።» ትንሽ ቆይታ፣ «ሜላትን ግን ምን ብለህ ነው ይዘሃት የምትሄደው? ማረፊያ ልጅ ይቀበላል? ጠይቀሃል?»

አልጠየቀም። የሚጠየቅም ሰው የለም።

ገዛኸኝ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ዛሬ አልቀለደም። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ሰሌዳው እንደ ዜና አንባቢ በጠራ አማርኛ፣ «የቤት አምስት አባወራ፣ ትርፉን ሰው ይሰይሙ» አለ።

ዳምጤ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ወለላ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሜላት ጭኗን ተደግፋ ታዳምጣለች። ሰናይት መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። ሊናገር ያሰበው ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል «እኔ» ነበር።

«የቤት አምስት አባወራ፣ ትርፉን ሰው ይሰይሙ።»

ሜላት አሳለች። ትንሽ ሳል ነበረች፣ የጭስ።

«ወለላ» አለ ዳምጤ።

ሰሌዳው አልመዘገበም። የቀረ ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። የቀረውን የነገረችው ራሷ ናት።

«በሙሉ ጥራው እንጂ» አለች እትዬ ወለላ። ቁጣ አልነበረባትም። «ወለላ ብቻ ብትል ሌላዋን ወለላ ይወስዱብኛል። ወለላ ይማሙ በል።»

«ወለላ ይማሙ» አለ።

«ተመዝግቧል» አለ ሰሌዳው።

መኪናው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ነጭ ነው፣ ሹፌር የለውም። ደጃፍ ላይ ከሁለት ሰው በላይ መቆም ስለማይፈቀድ የሸኛት ዳምጤና ሰናይት ብቻ ናቸው። የቀሩት ጎረቤቶች ከየመስኮታቸው አዩ። እትዬ ወለላ ሰናይትን ሳመች፤ ዳምጤ ጋ ስትደርስ እጁን ያዘችና መዳፉን ገልብጣ አየችው።

«ኖራው በልቶሃል» አለች። «ቅቤ ቀባው።»

ከሦስት ቀን በኋላ በሰሌዳው መልእክት ደረሳቸው። «ደኅና ነኝ። ማረፊያው ንጹሕ ነው። አታስቡ።» ሰናይት ደጋግማ አነበበችው። ገዛኸኝ ግን አምና የቤት ሁለቱ ሰውዬ የላከውን አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ቃል በቃል አንድ ነው። ሁለቱንም አጠፋቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥቅምት ሲጋመስ በቤት ስድስት አዲስ ነዋሪ ገባ። ዳምጤ ያያቸው በመስኮት ነው፤ ወጣት ባልና ሚስት፣ አንዲት ሻንጣና አንድ ጆንያ። ሴትየዋ እርጉዝ ናት። ሰናይት ልትቀበላቸው ነጠላዋን አነሣች፤ ከዚያ መልሳ ሰቀለችው። ሜላት ለምን አንሄድም ስትል ሰናይት እሳቱን ቆሰቆሰች።

በሳምንቱ ባልየው ለሥልጠና ወደ ከተማ ተጠርቶ ሄደ። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። ሦስቱ ቁርስ ላይ ሳሉ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ የሞላሌ ሰው አነጋገር።

«ጎረቤት» አለች። «እናንተ ጎረቤቶች። አዳልጦኝ ወደቅሁ፤ መነሣት አቃተኝ።»

ዳምጤ ዳቦውን አስቀመጠ። በሩ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ከበሩ በላይ ያለችው ትንሿ መብራት አረንጓዴ ናት፤ ትጽፋለች። ሁለቱ ቤቶች ከልዩ ክትትል እንዳልወጡ ያውቃል። ከአምስት ወጥቶ ስድስት ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ግን አያውቅም፤ የማያውቀው ነገር ነው እግሩን የያዘው።

ሰናይት አየችው። እሱም አያት። ከመካከላቸው የተነሣ የለም።

ሜላት አፏን ልትከፍት ስትል ሰናይት መዳፏን አፏ ላይ አደረገችባት። በኃይል አልነበረም፤ እንደ ማባበል ነው። ልጅቷ አልታገለችም፤ ከመዳፉ በላይ ዓይኖቿን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም።

«ሰው የለም እንዴ?» አለች ሴትየዋ። ድንጋዩን በእጇ መታች፣ በዝግታ፣ እየደጋገመች። «ቅድም ስታወሩ ሰምቻችኋለሁ እኮ። እዚያ ሰው የለም?»

ሦስቱም በገዛ ቤታቸው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሰው እንደሌለ ሆነው ተቀመጡ።